ጨዋው ሲጠይቅ

ወይዘሮ ሩቅያ ይመር እንግዳ የሆኑት ዜብራ ላይ ቆመው ሰላምታ በመስጠታቸው ነው።

ጠዋት ነበር፤ ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳለች። ከማዶ እትዬ ዘውዴ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይሻገራሉ፣ ከወዲህ ወይዘሮ ሩቅያ። ነጮቹ መስመሮች መሀል ላይ ተገናኙ። ከክረምት ወዲህ አልተያዩም ነበርና ተሳሳሙ፤ ጤና ተጠያየቁ፤ እንደገና ተሳሳሙ። ጉልበት ተጠየቀ፣ ወገብ ተጠየቀ፣ ምራት መገላገሏ ተጠየቀ። የእትዬ ዘውዴ ጆሮ ስለከበደ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጠየቀ።

መኪኖቹ በሁለቱም አቅጣጫ ቆመው ጠበቁ። ሹፌር የላቸውም፤ ጡሩምባም የላቸውም። ውስጣቸው የተቀመጡት ሰዎች ለምን እንደቆሙ ለማየት ቀና አላሉም።

ያን ጊዜ ከመሻገሪያው ዳር ያለው ምሰሶ ተናገረ።

“እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ከጉዳይዎ እንዳናደናቅፍዎ እንጂ፣ ለጥቂት ጊዜ ከእኛ ጋር ቢቆዩልን ፈቃድዎ ይሆናል?”

“እሺ ልጄ” አሉ ወይዘሮ ሩቅያ።

እትዬ ዘውዴም በዚያው አነጋገር ተጠይቀው ነበር። አልሰሙም። ዘንቢላቸውን አስተካክለው ተሻገሩ። ያልመለሰ ሰው እሺ አላለም፤ እሺ ያላለ ሰው ደግሞ እንግዳ አይሆንም። እሳቸው ዛሬም ቤታቸው ናቸው። ወይዘሮ ሩቅያን አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና መጥታ በሯን ከፈተችላቸው፤ “ቢስሚላህ” ብለው ገቡ።

ምሰሶው በሕግ ስሙ የመንገድ አስተናጋጅ ይባላል። ሕዝቡ የሚጠራው “ጨዋው” ብሎ ነው። ድምፁ በወግ ያደገ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ድምፅ ነው። ታላቅን “አባቴ”፣ “እናቴ”፣ እኩያን “ወንድሜ”፣ “እህቴ” ይላል። አይቆጣም፣ አይቸኩልም፣ የማንንም ንግግር አያቋርጥም። ትራፊክ ፖሊስ የሚባለው ሰው በየአደባባዩ ቆሞ ፊሽካ ይነፋ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ጨዋውን ያመሰግኑታል። ትራፊኩ ይሳደብ ነበር፤ ጨዋው ግን ይለምናል። ለሚለምን ሰው እሺ የማይል ደግሞ በዚህ ከተማ አይገኝም።

የወይዘሮ ሩቅያ ልጅ ነጃት አንደኛ ክፍል የመንገድ ሥርዓት ታስተምራለች። ትምህርቱ ቀላል ነው። እግረኛ ግራውን ይዞ ይሄዳል። ከመሻገሩ በፊት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ያያል። መኪኖቹ ስለማይሳሳቱ ማየቱ ከእንግዲህ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ቢሆንም ከመጽሐፉ አልወጣም። መኪና ስለማይሳሳት በመንገድ ላይ የሚደርስ ጥፋት ሁሉ የእግረኛ ነው። ይህም በመጽሐፉ አለ፤ ሥዕል ግን አልተሣለለትም።

“ጨዋው ሲጠይቃችሁ ምን ትላላችሁ?” ትላለች ነጃት በየሳምንቱ።

“እሺ!” ይላሉ ልጆቹ።

“እንዴት አድርጋችሁ?”

“ቀና ብለን፣ ሳንጮህ፣ እሺ!”

እናቷ ወደ እንግዳ ቤቱ በሄዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጃት አልደነገጠችም። የማታውቀው ነገር አልነበረም። ከጎረቤቶቿ ዘመዶች ሄደው የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ፤ ያልተመለሱት ተመችቷቸው ነው ይባላል። በየሁለት ቀኑ እየሄደች እናቷን ታያለች። እናቷም ሁልጊዜ “ነገ ሳይለቁኝ አይቀርም” ይላሉ። እንዲህ እየተባለ ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሥራ ባልደረቦቿ አንዷ “ወር ሲሞላ እኮ...” ብላ ጀምራ ተወችው። ነጃት በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥታ ከመነኻሪያው ጀርባ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ ቢሮ ሄደች። አቶ መንበሩ የሚባሉ የሕግ አማካሪ አሉ። ደንበኛ ስለሌላቸው በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው።

“ፖሊስ እናቴን አስሯታል” አለች፣ ድምፅዋ እንደ ልማዷ ዝቅ ብሎ።

“ፖሊስ ማንንም አላሰረም። ዘንድሮ በዚህ ከተማ የታሰረ ሰው የለም። እናትሽ እስረኛ ናቸው ወይስ እንግዳ?”

“እንግዳ።”

“እና እንግዳ መብት ምን ያደርግለታል? መስተንግዶ አለው።”

ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየች። አልሳቁም።

“ተቀመጪ” አሉ። “እናትሽ ታስረው ቢሆን ኖሮ እኮ ሀብታም ነበሩ። ፖሊስ ሰው ሲይዝ ለምን እንደያዘው መንገር አለበት፤ ያውም በሚገባው ቋንቋ። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። ጠበቃ አለው። አርባ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ዳኛ ፊት ይቆማል። ይሄ ሁሉ ዱሮ የተጻፈ ነው፤ አንዲት ፊደል የሰረዘው የለም። ብቻ፣ ለተያዘ ሰው ተብሎ ነው የተጻፈው።”

“ዳኛ ፊት ብትቀርብስ?”

“ዜብራ ላይ ቆሞ ሰው ለሳመ? ይገሠጻሉ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ ይባላሉ። ከዚያ የሚከብድ አንቀጽ የለም። ችግሩ ዳኛዋ ዘንድ መድረሱ ነው።”

“በምን ይደረሳል?”

“በመታሰር።”

“በምን ይታሰራል?”

“እምቢ በማለት” አሉ አቶ መንበሩ። “ጨዋው በየማለዳው ‘ይቆዩልናል?’ ብሎ ይጠይቃቸዋል አይደል? ያኔ ቢሆን፣ በሌላ ሰዓትም ቢሆን፣ በገዛ አፋቸው እምቢ ካሉ እንግድነቱ ያበቃል። ከዚያ ፖሊስ ወይ ይለቃቸዋል፣ ወይ ያስራቸዋል። ዝም ብሎ የሚለቅ የለምና ያስራቸዋል። ማሰር ከጀመረ ደግሞ ሕጉ ሁሉ ከእንቅልፉ ይነሳል።”

“ግን ስንት ጊዜ ‘ቤቴ ብሄድ ይሻለኛል’ ብላዋለች። ‘አይ፣ በቃኝ’ም ብላዋለች።”

“አይቆጠርም። ሕጉን ያረቀቁት ባህል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንቺ ቤትሽ እንግዳ መጥቶ ‘ብላ’ ስትይው፣ ‘አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት’ ቢልሽ ትሪውን ታነሺያለሽ?”

“አላነሳም።”

“ምን ትያለሽ?”

“‘በሞቴ’ እላለሁ።”

“ጨዋውም እሱን ነው የሚለው። ‘አይ’ ይሉኝታ ነው። ‘ግድ የለም’ ይሉኝታ ነው። ‘ይቅርብኝ’ም ይሉኝታ ነው። ዝም ያለ እንደሆነ፣ መንገድ ላይ ይድናል፤ እንግዳ ቤት ውስጥ ግን ዝም ያለ ተመችቶታል ይባላል። በአማርኛ ይሉኝታ የሌለበት አንድ ቃል ብቻ ነው የተገኘው።” ከወንበራቸው ትንሽ ቀና አሉ። “ስንት ጊዜ ሆናቸው?”

“ነገ ወር ይሞላል።”

አቶ መንበሩ ፀሐይዋን ትተው እሷን አዩ። “ወር የሞላው እንግዳ ነዋሪ ይባላል። የነዋሪ እምቢታ ደግሞ አይቆጠርም፤ ጨዋውም አይጠይቀውም። የቤቱን ሰው በየማለዳው ‘ትቆያለህ ወይ?’ የሚል ማን አለ? ተነሽ፤ ዛሬውኑ ሂጂ።”

እንግዳ ቤቱ ዱሮ ሆቴል ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፤ ጦሳ ተራራ ፊት ለፊቱ ይታያል። አጥሩ በጽድ የተሸፈነ ስለሆነ አጥር አይመስልም። በሩ ለጠያቂ ይከፈታል፣ ጠያቂው ሲወጣ ይዘጋል። ሣሩ ላይ ወንበሮች አሉ፣ በየወንበሩ አጠገብ ጉልበት የሚደርስ መብራት አለ። ሻይ በፈለጉት ሰዓት ይመጣል። ማንም አይጮህም።

በሩ አጠገብ እንደ ሁልጊዜው ጋሽ ሙሄ ተቀምጠዋል። ነዋሪ ከሆኑ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ለመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀልድ አላቸው፦ “ዕድሜ ልኬን ግራ ገብቶኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ቀኜን ይዤ ብሄድ ወሰዱኝ።” ነጃት ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ዛሬም ደገሙላት፤ ዛሬም ለወጉ ፈገግ አለች።

“እናትሽ ከዛፉ ሥር ናት” አሏት። “ነገ ጎረቤቴ ትሆናለች አሉ። እስቲ እንቁልልጭ ልበላት ብዬ ነበር፣ ለካ እኔም እዚሁ ነኝ።”

ወይዘሮ ሩቅያ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሣሩ ላይ ዘርግተዋል። መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ተጠምጥሟል። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

“ከሳሽ። ምንድን ነው የምትበይው?”

“እማ፣ ዛሬ ስለምበላው አናወራም።” ነጃት አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አቶ መንበሩ የነገሯትን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ተማሪዎቿን በምታስረዳበት ዓይነት ቀስ ብላ ነው የነገረቻቸው። እናቷ ሳያቋርጡ አዳመጡ።

“እና ልታሰር ነው የምትይኝ?”

“አዎ። ለመፈታት።”

“ወይ ጉድ! አያቶችሽ ይህን ቢሰሙ።”

“አንድ ቃል ናት እማ። እምቢ በይ።”

“ለማን?”

“ለጨዋው።”

“ምን አደረገኝ?”

“ያዘሽ እንጂ!”

“መቼ ያዘኝ? ለምኖ ነው ያመጣኝ። አባትሽ ሲያገባኝ እንኳ እንዲያ አድርጎ አልለመነኝም።” ወይዘሮ ሩቅያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እናቴ የሚለኝን ልጅ ፊቱ ላይ እምቢ ልበለው?”

“ፊት የለውም እኮ።”

“እሱማ ይብሳል። ፊት የሌለው መከፋቱ በምን ይታወቃል?”

ነጃት ሳትፈልግ ልትስቅ ነበር። ከንፈሯን ነከሰች። “ቤታችን አይናፍቅሽም?”

እናቷ መቁጠሪያቸውን አዩ። “ይናፍቀኛል። ለእሱም ነግሬዋለሁ። ‘ይገባኛል እናቴ፣ ለዛሬ ብቻ’ ይለኛል። ለዛሬ ብቻ የሚልን ሰው ምን ትይዋለሽ?”

“እምቢ።”

“አንቺ ትይዋለሽ?”

ነጃት ዓይኗን ወደ ጦሳ አዞረች።

“ልጅ ሳለሽ እምቢ ስትይ ምን አደርግሽ ነበር?”

“ጭኔን ትቆነጥጪኝ ነበር።”

“እና አሁን እምቢ ትያለሽ? ለአለቃሽ? ለጎረቤት? ለዚያ ከሁለት ዓመት በፊት እያለቀስሽ ለታጨሽለት ልጅ እንኳ መች እምቢ አልሽ? እሱ ራሱ ባይተውሽ ኖሮ አግብተሽው ነበር።” ክፋት በሌለበት ድምፅ ነበር የተናገሩት። “ራስሽ ያልቻልሽውን ነው እኔን በእርጅናዬ የምታስተምሪኝ?”

ነጃት ሣሩን እየነጨች ቆየች። እናቷ የተናገሩት እውነት ስለሆነ አልተከራከረችም። ግን አልተነሳችም።

“ነገ አይጠይቅሽም” አለች። “ከነገ ወዲያም አይጠይቅሽም። እኔ በየሁለት ቀኑ እመጣለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ‘ከሳሽ’ ትይኛለሽ። እንዲህ እያልን እናረጃለን። በአላህ ይዤሻለሁ እማ። በይ።”

“አልልም።”

“አንዴ ብቻ።”

“አይሆንም።”

“ለእኔ ብለሽ በይ!”

“እምቢ!” አሉ ወይዘሮ ሩቅያ። “እምቢ አልኩሽ! በግድ ነው እንዴ?”

ጋሽ ሙሄ የሻይ ብርጭቋቸውን ከአፋቸው እንዳደረሱ ቀሩ። ከወንበሩ አጠገብ ያለችው አጭር መብራት፣ ቀን ሆኖ ሳለ፣ በራች።

“እናቴ” አለ ጨዋው። “ጨዋታችሁን ስላቋረጥኩ ይቅርታ። አሁን እምቢ ብለዋል። በትክክል እንድንረዳዎ ያህል፣ እምቢ ያሉት ለልጅዎ ነው ወይስ ለእኛ? እህቴ፣ በዚህ ላይ እሳቸው ብቻ ቢመልሱልን ደስ ይለናል።”

ነጃት አፏን በመዳፏ ያዘች። እናቷ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም። ለግብር ሰብሳቢ አልዋሹም፣ ለሐኪም አልዋሹም፣ እድሜያቸውን ለጠየቃቸው ሰው እንኳ አልዋሹም። ምን እንደሚመልሱ አስቀድማ አወቀችው።

“ለልጄ ነው...” ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ሩቅያ። ከዚያ ቆም አሉ። አንገታቸውን ወደ መብራቷ አዘነበሉ።

“ቆይ እስቲ። እኔና እሷ ስንነጋገር ትሰማን ነበር?”

“አዎ እናቴ።”

“ሁሉን?”

“ሁሉን። እንዲመችዎ ብለን ነው።”

“ሌላ ጊዜስ? ስሰግድስ? ዱዓ ሳደርግ?”

“አዎ እናቴ።”

“ዱዓዬን ጮኼ አድርጌ አላውቅም። ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።”

“ከንፈርም እንሰማለን እናቴ።”

ወይዘሮ ሩቅያ መቁጠሪያቸውን ከጣታቸው ፈቱ። ፊታቸው ላይ የታየው ቁጣ አልነበረም። ገላውን ሲታጠብ በሩ ገርበብ ብሎ እንደነበር ዘግይቶ ያወቀ ሰው ፊት ነበር።

“ስለ እሷ ያልኩትን?” በአገጫቸው ነጃትን አመለከቱ። “ስለ አባቷ ያልኩትን?”

“ስለ ልጅዎ፣ ስለ ባለቤትዎ፣ ስለ ልጅነትዎም። አንዱም አልጠፋም እናቴ። በክብር አስቀምጠንልዎታል።”

ጋሽ ሙሄ ብርጭቋቸውን በቀስታ ሣሩ ላይ አስቀመጡ። ሦስት ዓመት በዚያ ግቢ ኖረዋል። እጃቸው ሳያውቁት ወደ አፋቸው ሄደ።

“አላህ የሰማውን” አሉ ወይዘሮ ሩቅያ በዝግታ፣ “አንተ ምን አገባህ?”

ጨዋው ጥያቄውን በዚያው ለስላሳ ድምፅ ደገመው። “እናቴ፣ እምቢ ያሉት ለልጅዎ ነው ወይስ ለእኛ?”

ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። ጫማቸውን ፈልገው አደረጉ። ሰው ፊት እንደሚቆሙ ሁሉ ተነስተው ቆሙ።

“የቅድሙ ለእሷ ነው። አልዋሽህም። ይሄኛው ግን ላንተ ነው። እምቢ።”

መብራቷ ጠፋች። ድምፁ እንደገና ሲመጣ ያው የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ድምፅ ነበር፤ “እናቴ” የሚለው ግን ከውስጡ ወጥቷል።

“ሩቅያ ይመር፣ በቁጥጥር ስር ውለዋል። ባሉበት ይቆዩ።”

ፖሊሷ ብዙም ሳትቆይ መጣች። ወጣት ናት፤ የደንብ ልብሷ ከመደርደሪያ እንደወጣ እጥፋቱ ይታያል። ካቴናውን በየትኛው ኪሷ እንዳደረገችው ረስታ ፈለገችው። ከዚያ ከአንድ ካርድ ላይ ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ መሀል መሀል ላይ ይቆረጣል።

“የተያዙት የመንገድ ትራፊክ ደንብ በመተላለፍ፣ ማለትም በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ያለ በቂ ምክንያት በመቆም ነው...”

“ሰላምታ ነው እኮ ልጄ!”

“ለዳኛዋ ይነግሯታል እማማ።” ካርዱ ላይ የደረሰችበት ጠፋት፤ በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። “አርባ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለዎት። ጠበቃ የማቆም መብት አለዎት። ዝም የማለት መብት አለዎት።”

“ዝም የማለት?”

“አዎ። ካልፈለጉ አይናገሩም። የሚናገሩት ሁሉ ሊቀርብብዎ ይችላል።”

ወይዘሮ ሩቅያ ፖሊሷን አዩዋት። “ይሄን ከወር በፊት ያልነገራችሁኝ ለምንድን ነው?”

“ያኔ አልታሰሩም ነበራ” አለች ፖሊሷ። ያለችውን ራሷ ሰማችውና ዓይኗን ወደ ካርዱ መለሰች። “የተነገረዎት በሚገባዎ ቋንቋ ነው?”

“ገብቶኛል።”

ካቴናው አልዘጋ አላት። ወይዘሮ ሩቅያ እንዲመቻት እጃቸውን ከፍ አድርገው ያዙላት። “አይዞሽ፣ ቀስ በይ” አሏት። ቀለበቱ ሲዘጋ ፖሊሷ በእፎይታ ተነፈሰች፤ ማንንም አስራ እንደማታውቅ ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሩቅያ አልተናገሩም። በሣሩ ላይ ሲሄዱ፣ በጋሽ ሙሄ አጠገብ ሲያልፉ፣ ወደ መኪናው ሲገቡ፣ አፋቸው ግጥም ብሎ ነበር። ነጃት ከንፈራቸውን ተመለከተች። አይንቀሳቀስም። መስታወቱ ከመዘጋቱ በፊት ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱላት።

መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ከሰዓት በኋላ በወረደው ጉም ውስጥ ገባ። ነጃት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እንባዋ መቼ እንደጀመረ አላወቀችም። ዳቦ ይዘው ሽቅብ የሚወጡ አንዲት ሴት ግራቸውን ይዘው ሲሄዱ አዩዋትና ቆሙ።

“ምነው የኔ ልጅ? ምን ሆንሽ?”

“እናቴ...” አለች ነጃት፤ መቀጠል አቃታት። እጇን ወደ መንገዱ ዘረጋች።

ሴትዮዋ የፖሊሱን መኪና የኋላ መብራት አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “ወይኔ! ታሰሩብሽ?”

“አልሐምዱሊላህ” አለች ነጃት። “ታሰረችልኝ።”